ባሏን የምትበላ እባብ፣ ወንድሙን የሚበላ ዓሣ

በቤተሰባችን ውስጥ እርስ በርሳቸው የሚበላሉ ፍጥረታትን የምናረባ ሁለት ሰዎች አለን። እኔ እዚህ ሐዋሳ፣ ወደ ጥቁር ውሃ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢዬ የአምባዛ ጫጩት እፈለፍላለሁ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ አሜሪካ፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ፣ ቀን የጭነት መኪና እየነዳ ማታ እባብ ያረባል። ያውም ሌላ እባብ የሚበላ እባብ። እናታችን ነገሩን ከሰማች ወዲህ ስለ ልጆቿ ስትጠየቅ መልሷ አንድ ነው፦ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል።» ጎርጓሪዋ እኔ ነኝ፤ ዘንዶውን ያወጣው እሱ ነው። እባቦቹ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆኑ፣ መርዝም የሌላቸው መሆናቸውን ደጋግሜ ብነግራትም ከማማተብ አልተመለሰችም።

እኔም ከትችቷ አላመለጥሁም። አምባዛ ቅርፊት የለውም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለው የውሃ ፍጥረት እንዳይበላ ስለተጻፈ፣ እናቴን የመሰሉ ብዙ ሰዎች ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ (ቲላፒያ) በደስታ እየበሉ አምባዛውን አይነኩም። «ማዕድ የማይቀርብ ነገር ታረቢያለሽ» ትለኛለች። እኔ እበላዋለሁ፤ እሷ ቤት አላበስለውም እንጂ።

ስለ ሥራዬ የሚጠይቁኝ ሰዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ የሚደርሱባት ጥያቄ አንዲት ናት፦ የሚበላሉ እንስሳትን እንዴት አድርጎ ማዋለድና ማሳደግ ይቻላል? ጡረታ እስክወጣ ድረስ ባዮሎጂ አስተማሪ ስለነበርሁ አጭር መልስ አይሆንልኝም። ደግሞም የእኔና የወንድሜ መልስ ፊትና ጀርባ ነው። እሱ እባቦቹን የሚያድናቸው በመለያየት ነው፤ እኔ ዓሣዎቼን የማድናቸው በማፋፈግ። ስለዚህ ጉዳይ በስልክ ያልተጨቃጨቅንበት ሳምንት የለም ማለት ይቻላል።

ከእሱ ልጀምር። እሱ የሚያረባው የካሊፎርኒያ ኪንግስኔክ የሚባለውን፣ ሰውነቱ በነጭና በጥቁር ቀለበት የተዥጎረጎረውን የሰሜን አሜሪካ እባብ ነው። በዱር አይጥ፣ እንሽላሊት፣ ወፍና እንቁላል ይበላል። እባብም ይበላል። ጅራቱን እያንቀጫቀጨ የሚያስጠነቅቀውን ራትልስኔክን እንኳ ጠምጥሞ ገድሎ ይውጠዋል፤ ደሙ የዚያን እባብ መርዝ ይቋቋማልና። እኔን ያስገረመኝ ሌላው ነገር ከራሱ የሚረዝም እባብ መዋጥ መቻሉ ነው። የተዋጠው እባብ አከርካሪው እንደ ሞገድ እየታጠፈ ሆድ ውስጥ ይደራረባል። ለእንዲህ ዓይነት እንስሳ በፊቱ የሚሳብ ረጅም ነገር ሁሉ ወይ ሚስት ነው፣ ወይ እራት። የሁለቱ ድንበር ደግሞ በጣም ቀጭን ነው።

«እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ» የሚለውን የአገራችንን ተረት ወንድሜ ቃል በቃል ሥራ ላይ አውሎታል። የእሱ ካብ ፕላስቲክ ነው። አንድ ክፍል ሙሉ መደርደሪያ አለው፤ በመደርደሪያው ላይ ሳጥን፣ በየሳጥኑ አንድ እባብ። ሁለት እባብ በአንድ ሳጥን ውስጥ የሚታየው በዓመት ውስጥ በጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ክዳኑ ሁሉ መቆለፊያ አለው። እባብ ጭንቅላቱ ባለፈበት ሁሉ ስለሚያልፍ፣ ክዳን ካልተገጠመ ማታ ሁለት የነበሩት ጠዋት አንድ ወፍራም ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከጋብቻው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ነው። በክረምታቸው እባቦቹን ቀዝቃዛ ቦታ፣ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ፣ ለሁለት ወይም ለሦስት ወር ያሳርፋቸዋል። ከዚያ በፊት ምግብ አቁሞ ሆዳቸው እስኪጸዳ ይጠብቃል፤ በቅዝቃዜ ጊዜ ያልተፈጨ ምግብ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳልና። ጸደይ ሲገባ ቀስ በቀስ ያሞቃቸዋል። ያኔ ያጠግባቸዋል። እሷን በተለይ። ዕረፍት ላይ ቆይታ የነቃች ሴት ኪንግስኔክ እንቁላል ለመሥራት ሰውነቷ ሁሉ ምግብ ይፈልጋል፤ ርቧት ካገኛት የመጀመሪያ ሐሳቧ ጋብቻ አይደለም። ቆዳዋን ከገፈፈች በኋላ የምታወጣው ሽታ ወንዱን ይጠራዋል። ወንድሜም ጊዜዋን የሚያውቀው በዚህ ነው።

በጠገቡ ማግስት ግን አያገናኛቸውም። ሁለት ቀን ያህል ይጠብቃል፤ የጠገበ እባብ ሲታወክ የበላውን መልሶ ያወጣዋል። ሳጥኑ ውስጥ የአይጥ ሽታ እንዳይኖር ንጣፉን ይለውጣል፣ እጁን ይታጠባል። እኔ ይህን ስሰማ «ሠርግ ቤት ለምን ምግብ አይሸትም?» ብዬ ቀልጄበት ነበር። «ሙሽራዋ ሽታውን ተከትላ ሙሽራውን ስለምትበላው ነዋ፣ እትዬ» አለኝ።

እዚያ ማታ ሲሆን እዚህ ሊነጋ ነው። ስለዚህ የሚያገናኛቸው ሰዓት እኔ ተነሥቼ ገንዳ ከምዞርበት ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ስልኩን ከሳጥኑ በላይ ሰቅሎ አሳይቶኛል። እሷን አንሥቶ ወንዱ ሳጥን ውስጥ ያኖራታል። ወንዱ ወዲያው ምላሱን እያወጣ ያሸትታታል፤ ከዚያ ሰውነቱ በትንሽ በትንሹ እየተንቀጠቀጠ፣ እየነጠረ፣ ጀርባዋ ላይ እየተሳበ ይከተላታል። ትሮጣለች። ይከተላታል። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ክፍሉን ሲዞሩ ማየት ደስ ይላል። ድንገት አንገቷን ነከሰ። እኔ ጮህሁ፤ ወንድሜ ግን እጁን ከኪሱ አላወጣም።

«አፉን ተዪው፣ ጅራቱን ተመልከቺ» አለኝ። ጅራቱ በጅራቷ ሥር እየተጠመዘዘ ነበር። ወንድ ኪንግስኔክ ሴቷን አንገቷ ላይ ይዞ ማቆየት ልማዱ ነው፤ እስከ መጨረሻው ላይለቃት ይችላል። ወንድሜን የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። አንደኛው በሌላው ላይ ገመድ እንደሚጠቀለል ሙሉ በሙሉ መጠቅለል ከጀመረ፣ ወይም መንቀጥቀጡና መሯሯጡ ቀርቶ አንዱ በጣም ዝግ ብሎ፣ አንገቱን አጥፎ፣ የሌላውን ጭንቅላት መከተል ከጀመረ፣ ጋብቻው አብቅቷል። በእባብ ዘንድ ችኮላ የፍቅር ምልክት ነው፤ እርጋታ የአደን።

ለዚያ ሰዓት የሚሆን ዕቃ በአጠገቡ ያኖራል፦ የእባብ መያዣ ቆልማማ ዘንግ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳህን፣ አልኮል ያለበት የአፍ መጉመጥመጫ። ሁለት የተያያዙ እባቦችን ጎትቶ ማላቀቅ አይቻልም። ጥርሳቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ በጎተትህ ቁጥር ሥጋ ይቀደዳል፣ መንጋጋም ይጎዳል። ከነአካላቸው ውሃ ውስጥ ማስገባት፣ ወይም አፋቸው ዳር መጉመጥመጫውን ጠብ ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ ያስለቅቃቸዋል። ጥንዶቹን ሳጥን ውስጥ ትተው ሌሊቱን የሚተኙ አርቢዎች እንዳሉ ነግሮኛል። እንዲህ ያሉትን ሰዎች አርቢ ብሎ አይጠራቸውም፤ ቁማርተኞች ይላቸዋል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ጋብቻው ከጥቂት ደቂቃ እስከ ሰዓታት ሊፈጅ ይችላልና ወንበሩን ስቦ፣ ቡናውን ይዞ፣ እስኪለያዩ ይቀመጣል። ሲለያዩ ያኔውኑ እያንዳንዳቸው ወደ ሳጥናቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ እንደገና ያገናኛቸዋል፤ እንደገናም አጥግቦ።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ቀለል ይላል። ሴቷ ልትጥል ስትል አንድ ጊዜ ቆዳዋን ትገፍፋለች፤ እርጥበት ያለው ዕቃ ይዘጋጅላታል፤ እንቁላሎቹ ቆዳ መሳይ ልጥፍጥፎች ናቸው፤ ከ27 እስከ 29 ዲግሪ ባለ ሙቀት ሁለት ወር ገደማ ይቆያሉ። የሚፈለፈሉት ልጆች እርሳስ የሚያክሉ ሆነው፣ ከወጡበት ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው፣ ቀዳዳ ባለው ትንሽ ዕቃ ይቀመጣሉ። ወንድምና እህት ተብለው አብረው የሚያድሩበት ቀን የለም። ሳምንት ወይም ዐሥር ቀን ያህል ቆይተው የመጀመሪያ ቆዳቸውን ሲገፍፉ ፀጉር ያላበቀለች የአይጥ ግልገል ይቀርብላቸዋል። አንዳንዱ እንቢ ይላል፤ በዱር የልጅነት ምግቡ እንሽላሊት ነውና። ያኔ ግልገሏን እንሽላሊት ላይ አሽቶ ይሰጠዋል። ሽታው ካታለለው በቂ ነው።

እንግዲህ የእሱ ዘዴ ይህ ነው፤ ካብ፣ ጥጋብና ዓይን።

ወደ እኔ ግቢ ስትመጡ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል።

አምባዛ በጋብቻው ጊዜ አይበላላም፤ ችግሩ ጨርሶ አለመጋባቱ ነው። በዱር የሚራባው ዝናብ ዘንቦ ወንዝና ሐይቅ ዳሩን ሲያጥለቀልቅ ነው። ሌሊት ወደዚያ ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የዋጠው ውሃ ወጥቶ እንቁላሉን ሣሩ ላይ ይበትናል። በኩሬ ውስጥ የተቀመጠ አምባዛ ሆዱ በእንቁላል ተነፍቶ ዓመቱን ሙሉ ሊቆይ ይችላል፤ ጎርፍ ካልመጣለት አይጥልም። ስለዚህ ጎርፉን እኔ በመርፌ አመጣለታለሁ። ከሌላ አምባዛ አንጎል ሥር የወጣች፣ ፒቱታሪ የምትባል ሆርሞን አመንጪ ዕጢ ተፈጭታ፣ ወይም ከፋብሪካ የመጣ ሆርሞን፣ ምሽት ላይ በሴቷ የጀርባ ሥጋ ይወጋል። ከዚያ በኋላ ሰዓቱን የሚወስነው የውሃው ሙቀት ነው። ውሃው 25 ዲግሪ ከሆነ 11 ሰዓት ገደማ፣ 20 ዲግሪ ከሆነ ግን 21 ሰዓት ገደማ መጠበቅ አለብኝ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ሐዋሳ ላይ እንዴት እንደሚበርድ የምታውቁ ማሞቂያ ለምን እንደምገዛ ይገባችኋል።

ሰዓቱ ሲደርስ ሆዷን በእርጥብ ፎጣ ይዤ ስጫን እንቁላሉ እንደ ወፍጮ እህል ይፈስሳል፤ በአንድ ግራም ከ600 እስከ 700 እንቁላል ይሆናል። እሷ ወደ ገንዳዋ ትመለሳለች። ወንዱ ግን አይመለስም። የአምባዛ ወንድ ሆዱን በመጫን ብቻ ፈሳሹን አይሰጥም፤ ታርዶ፣ የዘር ፍሬው ወጥቶ፣ ተቆርጦ ነው የሚገኘው። ወንድሜ ይህን ሲሰማ በሳቅ ሊሞት ነበር። «የእኔ ባሎች እኮ በሕይወት ነው ወደ ቤታቸው የሚመለሱት! አንቺ ነሽ ባል የምትበዪው» አለኝ። የተረፈውን ሥጋ በርግጥም ጠብሼ ስለምበላው መልስ አልነበረኝም። ፈሳሹና እንቁላሉ ተደባልቆ ውሃ ሲጨመርበት ዘሩ የሚንቀሳቀሰው ለአንድ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። በዚያች ደቂቃ ማንም ደጅ ቢያንኳኳ አልከፍትም።

ውሃው 25 ዲግሪ ላይ ከቆየ በ27 ሰዓት ገደማ፣ 20 ላይ ከወረደ ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ብርሃን ይጠላሉ፤ በገንዳው ጨለማ ጥግ እየተከማቹ አስኳላቸውን ሦስት ቀን ያህል ይመገባሉ። ከዚያ አፋቸው ይከፈታል። የሚሻላቸው የመጀመሪያ ምግብ አርቴሚያ የምትባል የጨው ውሃ ነፍሳት መሳይ ፍጥረት ናት። ደርቃ በቆርቆሮ የምትሸጠው እንቁላሏ በብዛት የሚሰበሰበው አሜሪካ ውስጥ ከዩታው ታላቁ የጨው ሐይቅ ነው። ወንድሜ ከመንገደኛ ጋር ይልክልኛል፤ እባብ አርቢነቱን ይቅር ከምልበት ምክንያት አንዱ ይህ ነው። እዚህ ሲገዙት ዋጋው የወርቅ ነው።

አሁን ወደ መበላላቱ ደርሰናል።

በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም እኩል ይመስላሉ። ቀጥሎ ጥቂቶቹ፣ ምግብ በፈሰሰበት ጥግ የነበሩት ወይም በተፈጥሮ ቶሎ የሚያድጉት፣ ከእኩዮቻቸው ይቀድማሉ። እኔና ረዳቴ «ጎረምሶች» እንላቸዋለን። የአምባዛ አፍ ሰፊ ነው፤ ትንሽ የቀደመ ጎረምሳ ወንድሙን ማጥቃት ይችላል። ገና ትንሽ ሳሉ የወንድማቸውን ጭንቅላት መዋጥ አይችሉም፤ የአምባዛ ራስ ሰፊና ጠንካራ አጥንት ነው። ስለዚህ በጅራቱ በኩል ይጀምራሉ፤ እስከ ራሱ ይበሉትና ራሱን ይጥሉታል። ጠዋት ገንዳው ሥር የተበተነ ጭንቅላት ካየሁ ነገሩ እንደተጀመረ አውቃለሁ። ይህ እንዲያውም ደግ ምልክት ነው፤ ምልክት በመሆኑ። ጣት ካለፉ በኋላ ግን ጎረምሳው ታናሹን በራሱ በኩል ሙሉውን ይውጠዋል። ምንም የሚቀር ነገር የለም። ሬሳ የለም፣ ሽታ የለም፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ዓሣዎቹ ደኅና ናቸው፤ ቁጥራቸው ብቻ ይጎድላል።

የዚህ ክፋቱ ራሱን በራሱ ማባባሱ ነው። ለዓሣ ሰውነት ከዓሣ የተሻለ መኖ የለም። ወንድሙን የበላ ጎረምሳ ከቀሩት ይበልጥ ይቀድማል፤ በቀደመ ቁጥር ሊውጣቸው የሚችሉት ይበዛሉ። ትናንት በጥፍር ስፋት የነበረው ልዩነት በአጭር ጊዜ ገንዳውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በላተኞችና የሚበሉ። ጎረቤቶቼ ስለዚህ ስነግራቸው «ምን ዓይነት ጨካኝ ፍጥረት ነው!» ይላሉ። አንዲት ደንበኛዬማ ወንድሙን የበላ ዓሣ ልጆቼን አላበላም ብላ ቆሮሶ ልትገዛ ወደ አሞራ ገደል ሄደች። እኔ በጭካኔ አላምንም። ሁለቱ ዓሣዎች እኩል ቢሆኑ ኖሮ አንዱም ሌላውን አይውጠውም ነበር፤ አይችልማ። ያለው ነገር የአፍ ስፋትና የሰውነት ስፋት ሒሳብ ነው። ወንድሜ እባቦቹን ሲያጠግብ የሚቆጣጠረው ረሃባቸውን ነው። እኔ የምቆጣጠረው ልዩነታቸውን ነው።

ልዩነትን የሚቆጣጠረው ደግሞ ወንፊት ነው። ሥራቸው በተለያየ ስፋት የተበሳ የፕላስቲክ ሳፋዎች አሉኝ። ሳፋው በውሃ ላይ ተንሳፍፎ ዓሣዎቹ ይጨመሩበታል፤ ትንንሾቹ በቀዳዳው አልፈው ይወርዳሉ፣ ጎረምሶቹ ይቀራሉ። ጎረምሳ ለጎረምሳ አንድ ገንዳ፣ መካከለኛው አንድ፣ ጭራሽ የቀጨጨው አንድ። በየሳምንቱ፣ አንዳንዴም ከዚያ ቶሎ። የሚለዩ ዕለት ጠዋት ምግብ አልሰጣቸውም፤ በሙሉ ሆድ መታወክ ለእነሱም አይሆንም። ውሃው ላይ ትንሽ ጨው እጨምራለሁ፤ ለተጫረ ቆዳ ይረዳል። አዲስ የተፈለፈለን ከቀድሞው ጋር መቀላቀል ፈጽሞ የለም፤ ሁለት ሳምንት የሚበልጥ ዓሣ ለታናሹ ወንድም አይደለም፣ አውሬ ነው።

ከዚያ ምግብ። አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው፤ ምግቡን በጢሙ እየዳበሰ በጨለማ ያገኛል። በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ የሚመገብ ጫጩት ሌሊቱን ወንድሙን ሲፈልግ ያድራል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂቱን፣ ብዙ ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ገንዳዎቹን በጥቁር ላስቲክ እሸፍናለሁ፤ በጨለማ ውስጥ ጠብ ይቀንሳል። ብርሃን ሲበዛ ግን ይረበሻሉ፣ ይነካከሳሉ፤ የተነከሰ ጅራት ደግሞ ሌላውን ይጠራል።

ወንድሜ የማያምነኝ ግን በብዛቱ ነው። ውሃው በተፋፈገ ቁጥር ጠቡ ይቀንሳል። ጥቂት አምባዛ በሰፊ ገንዳ ውስጥ ብታኖሩ እያንዳንዱ የራሱን ጥግ ይይዛል፤ የገባበትን ይነክሳል፤ ጥግ የያዘውም ይወፍራል። በብዛት ሲሆኑ የሚያዝ ጥግ የለም፤ አንዱን ለይቶ ማሳደድም አይቻልም፤ ሁሉም ተደራርበው ይተኛሉ። በዚህ ላይ ጥናት ተሠርቶበታል፤ እኔም በገንዳዬ አይቼዋለሁ። «ሁለት እባብ ሳጥን ውስጥ ካስገባሁ ነፍሴ አትረጋም፤ አንቺ ሺህ በላተኛ አንድ ገንዳ ውስጥ ትጨምሪና ሰላም ነው ትያለሽ» ይለኛል። ሰላም ነው፤ እኩል እስከሆኑ ድረስ። መፋፈጉም ወሰን አለው። ጫጩቶቹ ከውሃ ላይ አየር መሳብ የሚጀምሩት ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ነው፤ እስከዚያ ድረስ በውሃ ውስጥ ባለው ኦክስጅን ብቻ ስለሚኖሩ መብራት በጠፋ ቁጥር እጄ በባልዲ ውሃ ሲቀዳና ሲያፈስ ያድራል። ከዚያም በኋላ ቢሆን ቆሻሻቸው ውሃውን ሳይመርዘው መቀየር ያስፈልጋል።

ስለ ገዢዎች አንድ ነገር ልበል። ጫጩት ገዝቶ ሄዶ፣ ከዓመት በፊት ዓሣ በጨመረበት ኩሬ ላይ የሚደርብ ሰው አለ። ከወራት በኋላ ሲያጠምድ ጥቂት ግዙፍ አምባዛ ያገኝና ይደውላል። «ቆጥረሽ አልሰጠሽኝም» ይላል። ቆጥሬ ሰጥቼዋለሁ፤ የሰጠሁት ሁሉ እዚያው ግዙፎቹ ውስጥ አለ። አንዱ ይህን ብነግረው ስልኩን ዘጋብኝ። አሁን ጫጩት ሳስረክብ ኩሬው ባዶ መሆኑን፣ ደርቆና ታጥቦ መሞላቱን አስቀድሜ እጠይቃለሁ። በኩሬው ውስጥ አንድ የቆየ አምባዛ ጭቃ ውስጥ ከተደበቀ ይበቃዋል፤ ጭቃው ደርቆ እስኪሰነጠቅ መጠበቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህ የአምባዛ ጠባይ ግን የሚፈለግበትም ቦታ አለ። ቆሮሶ በኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ይራባል። በአጭር ጊዜ ኩሬው በማያድጉ፣ መዳፍ በማይሞሉ ቆሮሶዎች ይጨናነቃል፤ ምግቡን እየተሻሙ ሁሉም ይቀጭጫሉ። ጥቂት አምባዛ ሲጨመርበት የቆሮሶውን ጫጩት ይለቅምና የቀሩት እንዲያድጉ ቦታ ይሰጣል፤ ገበሬው ሁለት ዓይነት ዓሣ ያገኛል። ባለፈው ወር ከአንድ ማኅበር የመጡ ወጣቶች ይህን ሰምተው፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መኪና ሊወስዱ መጡ። ቆሮሶዎቹ ጥፍር የሚያክሉ፣ አምባዛዎቹ ጣት የሚያክሉ ነበሩ። ቆሮሶውን ወስዳችሁ አሳድጉ፣ ከአምባዛው አፍ ሲያልፉ ተመለሱ ብዬ አምባዛውን ከለከልኋቸው። መኪና ተከራይተን መጥተን ብለው ተቆጡ፤ አንደኛው ሌላ አርቢ ጋር ሄደን እንገዛለን አለኝ። ሌላ አርቢ ጋር እስኪሄዱ ድረስ ቆሮሶዎቹን ኦክስጅን ሞልቼ አሸግሁላቸው።